ደንጊ ሲጠና የደም ሥር የሚያዣው ለምንድን ነው? ከፕሌትሌት ይልቅ ሄማቶክሪትን እንከታተል

የውስጥ ደዌ ሐኪም (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከድሬዳዋ፣ ከሶማሌ ክልልና ከአፋር የሚመጣው የደንጊ (በትንኝ የሚተላለፍ የቫይረስ ትኩሳት) ጥያቄ ሁሉ «ፕሌትሌቱ ስንት ገባ?» ብሎ ይጀምራል። ይህ ልማድ ሰው እያሳጣን ስለሆነ ነው ክሩን የከፈትኩት። በከባድ ደንጊ በብዛት የሚገድለው የፕሌትሌት (ደም የሚያረጋው ሴል) ማነስ አይደለም። የደሙ ውኃ፣ ማለትም ፕላዝማው፣ ከደም ሥር ወጥቶ ሳንባ ዙሪያና ሆድ ውስጥ ሲጠራቀም ልብ የሚገፋው ደም ያጣል፤ ድንጋጤ (ሾክ) የምንለው ይህ ነው። ፕላዝማው ሲያንስ ቀይ ሴሎች ከደሙ የሚይዙት ድርሻ በመቶኛ፣ ማለትም ሄማቶክሪቱ፣ ይጨምራል። ደም መፍሰሱ አብዛኛውን ጊዜ የሚከተለው ይህ ድንጋጤ ሲረዝም ነው።

አሠራሩን ላስረዳ። የደም ሥር ከውስጥ በአንድ ረድፍ ሕዋሳት ተለብጧል፤ ኢንዶቴልየም ይባላል። በእነዚህ ሕዋሳት ላይ ከስኳርና ከፕሮቲን የተሠራ ስስ ሽፋን አለ፤ ግላይኮካሊክስ የሚባለው። ውኃ ውስጥ ያደረ ተልባ ፍሬውን የሚሸፍነውን ልጋግ አስቡት። በቀጫጭኖቹ የደም ሥሮች ላይ ውፍረቱ ግማሽ ማይክሮሜትር ገደማ ቢሆን ነው። ኔጌቲቭ ቻርጅ ስላለው አልቡሚን የተባለውን የደም ፕሮቲን ገፍቶ ደም ውስጥ ያቆየዋል። አልቡሚን ሲቆይ ውኃውም ይቆያል።

በቫይረሱ የተያዘ ሕዋስ ኤንኤስ-1 የሚባል ፕሮቲን ወደ ደም ይለቃል። ስድስት ክፍሎች ተገጣጥመው በርሜል ይሠራሉ፣ መሐሉ ስብ ነው። ይህ በርሜል ኢንዶቴልየም ላይ ሲያርፍ ሕዋሱ የራሱን ቆራጭ ኢንዛይሞች እንዲያነቃ ያደርገዋል፦ ሲያሊዴዝ፣ ካቴፕሲን-ኤል፣ ሄፓራኔዝ። እነሱ ልጋጉን ይቆራርጡታል። ሲንዴካን-1 የተባለው ቁራጭ በሕመምተኛው ደም ውስጥ ተለክቶ ይገኛል። ኤንኤስ-1 ብቻውን የደም ሥር ሊያሳዣ እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2015 የካሊፎርኒያ በርክሊና የኩዊንስላንድ ዩኒቨርሲቲ ቡድኖች በየፊናቸው አሳይተዋል።

ልብ በሉ፦ የሚያዣ እንስራ እንጂ የተሰበረ እንስራ አይደለም። በደንጊ የሞቱ ሰዎች አስከሬን ሲመረመር የደም ሥሩ ግድግዳ በሰፊው ፈርሶ አይገኝም። ማዣቱ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ቆይቶ በራሱ የሚቆመውም ለዚህ ነው። ሥራችን ሰውየውን እነዚያን ሁለት ቀናት ማሻገር ነው።

---

ላብ ድሬዳዋ

ዶክተር፣ እናመሰግናለን። ሄማቶክሪት ተከታተሉ ሲባል ግን አወሳሰዱ ካልተስተካከለ ቁጥሩ ያሳስታል። በተደጋጋሚ የሚታዩት ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

ክንዱን ከአንድ ደቂቃ በላይ አስሮ ማቆየት ደሙን ያወፍረዋል፣ ሄማቶክሪቱ በውሸት ይወጣል። ፈሳሽ ከሚገባበት ክንድ መቅዳት ደግሞ ያቀጥነዋል፤ ሁልጊዜ ከሌላው ክንድ ይቀዳ። ጣት ተወግቶ ሲጨመቅም የሥጋው ውኃ ይገባበታል፣ ስለዚህ ደሙ በራሱ ይውረድ። ሄፓሪን ያለበትን ቀጭን ቱቦ ሦስት አራተኛ ሙሉ፣ ጫፉን በሸክላው ዝጉ፣ በደቂቃ ከ10,000 እስከ 12,000 ዙር ለ5 ደቂቃ አሽከርክሩ፣ ስታነቡ ነጩን ስስ ሽፋን አትቁጠሩ። ቱቦው ጋደም ብሎ ከቆየ መስመሩ ስለሚያዘነብል ወዲያው ይነበብ።

ትልቁ ነገር ግን ማነጻጸሩ ነው። ጠዋት በማሽን፣ ማታ በሴንትሪፉጅ መለካት አይሆንም፤ ማሽኑ የሚያሰላው ስለሆነ በሁለቱ መካከል ጥቂት ነጥብ ልዩነት ይኖራል። ያ ልዩነት «ወጣ» ወይም «ወረደ» ተብሎ ፈሳሽ ሊያስጨምር ወይም ሊያስቀንስ ይችላል። በአንዱ ጀምሩ፣ በዚያው ጨርሱ።

ደግሞ የደም ማነስ ያለባትን ሴት አስቡ። በሁለተኛው ቀን 30 ነበረች፣ በአምስተኛው ቀን 37 ሆነች። ወረቀቱ ላይ 37 ሲታይ «ደህና ናት» ይባላል። ጭማሪው ግን 23 በመቶ ነው! መስፈርቱ ከመነሻው 20 በመቶ መጨመር ነው። ስለዚህ ትኩሳት ይዞት ለመጣ ሰው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ውስጥ አንድ መነሻ ሄማቶክሪት ሠርቶ ካርዱ ላይ መጻፍ ከማንኛውም ምርመራ የበለጠ ይጠቅማል።

---

ነርስ ከሎግያ

የእኛ አካባቢ በ2023 ወረርሽኙ ስላለፈበት ጉዳዩ ቅርባችን ነው። ሁለት ጥያቄ አለኝ።

አንደኛ፣ ሕመምተኛው በአራተኛ በአምስተኛ ቀኑ ትኩሳቱ ሲወርድ ቤተሰብ «ተሻለው» ብሎ ይወስደዋል። ምን ብለን እናስረዳ? ሁለተኛ፣ ግፊቱ 100/80 ሲሆን «የላይኛው ጥሩ ነው» ተብሎ ይታለፋል። እውነት ጥሩ ነው?

---

የውስጥ ደዌ ሐኪም

ሲስተር፣ ሁለቱም የክሩ እምብርት ናቸው።

ስለ ትኩሳቱ፦ አደገኛው ሰዓት የሚጀምረው ትኩሳቱ ሊወርድ ሲል ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከሦስተኛው እስከ ሰባተኛው ቀን ባለው ጊዜ። ለቤተሰብ እንዲህ በሏቸው፦ «ትኩሳቱ ከለቀቀው በኋላ ሁለት ቀን እንጠብቀው። ሆዱን አጥብቆ ካመመው፣ ትውከቱ ካልቆመ፣ ከድድ ወይም ከአፍንጫ ከደማ፣ ከተቅበጠበጠ ወይም ከፈዘዘ፣ ሽንቱ ከቀነሰ፣ እጅ እግሩ ከቀዘቀዘ ሳትውሉ ሳታድሩ አምጡት።» ትኩሳቱ ለቆት ጉልበት ያገኘ ሰውና ትኩሳቱ ለቆት የደከመ ሰው አንድ አይደሉም። የሚያሰጋን ሁለተኛው ነው።

ስለ 100/80፦ ጥሩ አይደለም። የላይኛውና የታችኛው ልዩነት 20 ነው፤ 20 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ድንጋጤ ጀምሯል ማለት ነው። ምክንያቱም ፕላዝማው ሲያንስ ሰውነት የዳር ዳሩን የደም ሥር ያጠባል፣ ስለዚህ የታችኛው ግፊት ይወጣል። የላይኛው ገና አልወደቀም። ልጆችና ወጣቶች በዚህ ሁኔታ አእምሯቸው ጥርት ብሎ እያወሩ ይቆዩና በድንገት ይወድቃሉ። የላይኛው እስኪወድቅ የጠበቀ ዘግይቷል።

መሣሪያ ባይኖርም እጁን ያዙት። ግማሽ ደቂቃ ይበቃል፦ መዳፉ ገርጥቷል? ቀዝቅዟል? ጥፍሩ ተጭኖ ሲለቀቅ ቀለሙ ከ2 ሰከንድ በላይ ይዘገያል? የእጅ ትርታው ቀጭንና ፈጣን ነው? እግሩንም ንኩ፣ ቅዝቃዜው ከእግር ጣት ይጀምራልና።

---

ኢሚዩኖሎጂ ተማሪ

ዶክተር ያሉትን እቀበላለሁ፣ አንድ ነገር ግን መስተካከል ያለበት ይመስለኛል። ሁሉን በኤንኤስ-1 ላይ መጣል አይቻልም። ቫይረሱና ኤንኤስ-1 ከፍ የሚሉት በትኩሳቱ ጊዜ ነው፤ ማዣቱ የሚብሰው ደግሞ ሁለቱም እየወረዱ ሳለ ነው። ስለዚህ በመካከል የሰውነት የራሱ ምላሽ አለ።

ማስት ሴሎች የሚባሉት የመከላከያ ሴሎች ካይሜዝ የተባለ ኢንዛይም ይለቃሉ። ነጭ የደም ሴሎች ቲኤንኤፍ-አልፋንና ሌሎች ሳይቶካይኖችን (የመከላከያ ሴሎች መልእክተኛ ፕሮቲኖችን) ያፈሳሉ። ሌላው አንጂዮፖይቲን የሚባሉት ጥንዶች ናቸው። አንጂዮፖይቲን-1 ሕዋሳቱን አያይዞ የሚያረጋጋ ሲሆን በአብዛኛው የሚመጣው ከፕሌትሌት ነው። አንጂዮፖይቲን-2 ግን ኢንዶቴልየሙ ራሱ አከማችቶ የሚለቀው፣ መገጣጠሚያውን የሚያላላ ነው። በከባድ ደንጊ የመጀመሪያው ይወርዳል፣ ሁለተኛው ይወጣል፤ ሕዋስን ከሕዋስ የሚያስተሳስረው ቪኢ-ካድሄሪንም ይላላል። የፕሌትሌት ማነስ ከደም ሥር ጋር የሚገናኝበት አንዱ መንገድ ይህ ነው እንጂ ቁጥሩ ራሱ ሕክምናን አይመራም።

ሌላ ዶክተር ያላነሱት፦ ሁለተኛ ጊዜ መያዝ። ደንጊ አራት ዓይነት ነው። አንዱ ይዞት የዳነ ሰው ለዚያው ዓይነት ለረጅም ዘመን ይጠበቃል፣ ለሌሎቹ ግን አንቲቦዲው ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። ቫይረሱን ይይዘዋል፣ አይገድለውም፤ ይባስ ብሎ ወደ ነጭ የደም ሴል ውስጥ ያስገባዋል። ኩባ ጥሩ ማስረጃ ናት። እ.ኤ.አ. በ1977 ዓይነት 1 ገባ፣ በ1981 ዓይነት 2 ተከተለ፦ 344,203 ሕሙማን፣ 10,312 ከባድ፣ 158 ሞት፤ ከሞቱት 101 ልጆች ነበሩ። በ1997 ዓይነት 2 ወደ ሳንቲያጎ ደ ኩባ ሲመለስ በጽኑ የታመሙት አዋቂዎች ሆኑ። ከ1981 በኋላ የተወለዱት ልጆች ያንን የመጀመሪያ አንቲቦዲ አልያዙምና።

ኒካራጓ ውስጥ በልጆች ላይ በተሠራና በ2017 በወጣ ጥናት አደጋው ከፍ ያለው የአንቲቦዲ መጠናቸው (ደሙ እየተቀጠነ ሲለካ) ከ1 ለ21 እስከ 1 ለ80 በሆኑት ነበር። ምንም የሌላቸውም ብዙ ያላቸውም የተሻሉ ነበሩ። ከእናቱ አንቲቦዲ የወረሰ ሕፃን ከ6 እስከ 9 ወር ዕድሜው በመጀመሪያ መያዙ የሚጠናበትም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የወረሰው እየቀነሰ ከአደገኛው መጠን ላይ ይደርሳል።

---

የውስጥ ደዌ ሐኪም

ትክክል ነህ፣ እርማቱን እቀበላለሁ። ኤንኤስ-1 በሩን ያላላል፣ የሰውነት ምላሽ ይከፍተዋል ብንል ይሻላል።

---

ከጅዳ

እዚህ ያለን ኢትዮጵያውያን ብዙ ነን። ጅዳ ውስጥ ደንጊ እ.ኤ.አ. ከ1994 ጀምሮ እንደሚታወቅ አንብቤያለሁ። እዚህ አንድ ጊዜ ታሞ የዳነ ሰው ወደ ድሬዳዋ ቢመለስ አደጋ አለው ማለት ነው? ደግሞ ቺኩንጉንያስ እንዲሁ ያደርጋል?

---

ኢሚዩኖሎጂ ተማሪ

አዎ፣ በተለየ ዓይነት ከተያዘ። ሁለተኛ ከተያዙትም አብዛኞቹ ይድናሉ፣ ስለዚህ አይሸበር። ግን ትኩሳት ሲይዘው «ከዚህ በፊት ጅዳ ደንጊ ይዞኝ ነበር» ብሎ ለሐኪሙ ይንገር። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ሐኪሙን ከመነሻው ታነቃዋለች።

ቺኩንጉንያ በዚያችው ትንኝ ይተላለፋል፣ በ2019 ድሬዳዋን ክፉኛ መታ። መገጣጠሚያ ያሰቃያል እንጂ እንደ ደንጊ ፕላዝማ አያሳዣም። ከሌላ የቫይረስ ቤተሰብ ስለሆነ እንደ ደንጊ ያለ ኤንኤስ-1 የለውም። የደንጊ ዘመድ የሆኑት ቫይረሶችም ቢሆኑ ኤንኤስ-1ዎቻቸው አንድ አይደሉም፦ በላቦራቶሪ ሲሞከር የዌስት ናይል ኤንኤስ-1 የነካው የአንጎልን የደም ሥር ሕዋሳት ብቻ ነው። የደንጊው ግን የሳንባውንም፣ የቆዳውንም፣ የጉበቱንም፣ የአንጎሉንም አሳዥቷል።

---

ድንገተኛ ክፍል

ወደ ፈሳሹ ልግባ፣ ሰው የሚድነውም የሚሞተውም እዚህ ላይ ነው።

መጀመሪያ ስም እናጥራ። እኛ ዘንድ የሚሰቀል ነገር ሁሉ «ግሉኮስ» ይባላል። ለደንጊ ድንጋጤ ግን 5 በመቶ ዴክስትሮዝ መስቀል ጉዳት ነው፦ ስኳሩ ተቃጥሎ ያልቃል፣ የቀረው ንጹሕ ውኃ በመላ ሰውነት ይበተናል፣ ደም ሥር ውስጥ የሚቀረው ከአሥር እጅ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። የሚያስፈልገው ሪንገር ላክቴት ወይም ኖርማል ሳላይን ነው።

መጠኑ በዓለም ጤና ድርጅት የ2009 (እ.ኤ.አ.) መመሪያ መሠረት፦ የአደጋ ምልክት ኖሮት ድንጋጤ የሌለው ሰው በኪሎ በሰዓት ከ5 እስከ 7 ሚሊ ሊትር ለ1–2 ሰዓት፣ ከዚያ 3–5 ለ2–4 ሰዓት፣ ከዚያ 2–3። ልዩነቱ የጠበበ ግን የላይኛው ያልወደቀ አዋቂ በመጀመሪያው ሰዓት ከ5 እስከ 10 በኪሎ። ግፊቱ የወደቀ ከሆነ 20 በኪሎ በ15 ደቂቃ ውስጥ።

የሲስተርን 100/80 እንውሰድ፣ 50 ኪሎ ሴት ናት እንበል፣ ሄማቶክሪቷ ከ38 ወደ 47 ወጥቷል። በመጀመሪያው ሰዓት 500 ሚሊ ሊትር ትወስዳለች። 20 ጠብታ አንድ ሚሊ በሚሆንበት መስመር በደቂቃ 167 ጠብታ ነው፤ አይቆጠርም፣ ስለዚህ ከረጢቱ ላይ በፕላስተር የሰዓት ምልክት ለጥፉ። ስትሻሻል 250 በሰዓት፣ ይኸውም 83 ጠብታ። ከዚያ 150፣ 50 ጠብታ። ከዚያ 100፣ 33 ጠብታ። በእያንዳንዱ ለውጥ በፊትና በኋላ ሄማቶክሪት ይሠራ። ግቡ ግፊቱን 120/80 ማድረግ አይደለም፤ እጅ እግር እንዲሞቅና ሽንት በኪሎ በሰዓት ግማሽ ሚሊ እንዲሆን ነው።

አሁን ቁጥሩን አንብቡት። ሄማቶክሪት ወጥቶ ሰውየው ካልተረጋጋ ገና እያዣ ነው፣ ፈሳሽ ይጨመር። ሄማቶክሪት ወርዶ ሰውየው ካልተረጋጋ ደም እየፈሰሰው ነው፣ ምናልባት አንጀቱ ውስጥ፤ ደም ይሰጠው፣ የታሸገ ቀይ ሴል በኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊ። ሄማቶክሪት ወርዶ ሰውየው ከተረጋጋና ሽንቱ ከበዛ ማዣቱ ቆሞ ውኃው እየተመለሰ ነው፦ ፈሳሹን አቁሙ። ብዙ ሰው የምናጣው እዚህ ነው። በስምንተኛው ቀን «ድካም አለበት» ተብሎ ሌላ ሊትር ሲሰቀል፣ ከሆድና ከሳንባ ሽፋን የሚመለሰው ውኃ ላይ ይጨመርና ሳንባው ይሞላል። ላሲክስም (ሽንት የሚያበዛው መድኃኒት) የሚሰጠው በዚህ ሰዓት እንጂ ድንጋጤ ላይ ሳለ አይደለም።

ኮሎይድ (ትልልቅ ሞለኪውል ያለበት የደም ሥር ፈሳሽ) ይሻላል ለሚሉ፦ በቬትናም፣ ሆ ቺ ሚን ከተማ በልጆች ላይ የተሠራው የ2005 (እ.ኤ.አ.) ጥናት መካከለኛ ድንጋጤ ላይ ሪንገር ላክቴት እንደሚበቃ አሳይቷል። የጤና ጣቢያዎቻችን መደርደሪያ ላይ ያለው ይበቃል።

---

ፋርማሲ

እባካችሁ ስለ ዳይክሎፌናክ መርፌ። ትኩሳትና የወገብ ሕመም ያለው ሰው መድኃኒት ቤት ሲመጣ መጀመሪያ የሚሰጠው እሱ ነው። ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪን ሁሉም የፕሌትሌትን ሥራ ያውካሉ፣ ጨጓራ ያደማሉ፤ በጡንቻ መወጋቱ ራሱ ውስጥ ለውስጥ ደም ያቋጥራል። ፓራሲታሞል ብቻ ይሰጥ፦ ለልጅ በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም በየ6 ሰዓቱ። ለአዋቂ በቀን ከ3 ግራም ባያልፍ ይመረጣል፣ ጉበቱም በበሽታው የተጎዳ ነውና።

ፕሬድኒሶሎን (ስቴሮይድ ነው) በቬትናም ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2012 በወጣ ጥናት ድንጋጤን አላስቀረም። ሳይደማ ፕሌትሌት መስጠትም በሲንጋፖርና በማሌዥያ ተሞክሮ በ2017 ውጤቱ ወጣ፦ መድማትን አልቀነሰም፣ የጎንዮሽ ጉዳት ግን ጨመረ።

ደግሞ ወባው ኔጌቲቭ ከሆነ በዊዳል ምርመራ ብቻ «ታይፎይድ ነው» ብሎ ሴፍትሪያክሰን መጀመር በቆላው ቀርቶ ይሻል ነበር። ሰውየው መርፌውን ሊወጋ እየተመላለሰ አደገኞቹ ሁለት ቀናት ያልፉታል።

---

አልትራሳውንድ

ከሄማቶክሪትም በፊት ማዣቱን የሚያሳይ ነገር ልጨምር። የሐሞት ከረጢት ግድግዳ። ባዶ ሆዱን ሆኖ ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ ከወፈረ ጠርጥሩ። ቀጥሎ በጉበትና በቀኝ ኩላሊት መካከል ጥቁር መስመር ፈልጉ፣ ከዚያ የቀኙን ሳንባ ግርጌ፤ ውኃው ቀድሞ የሚታየው በብዛት በቀኝ በኩል ነው።

ጥንቃቄ፦ የወፈረ ሐሞት ከረጢትና የቀኝ ሆድ ሕመም ሲገናኙ «ኮሌሲስታይተስ» (የሐሞት ከረጢት ቁጣ) ተብሎ ወደ ቀዶ ሕክምና የሚላክ አለ። ትኩሳት፣ ዝቅ ያለ ነጭ የደም ሴልና የወረደ ፕሌትሌት አብረው ካሉ ቢላዋ ከመነሳቱ በፊት ደንጊ ይታሰብ። ወደ ሳንባ ሽፋን የወጣውን ውኃም በመርፌ አትቅዱት፤ ይደማል፣ በራሱም ይመለሳል።

---

ነርስ ከሎግያ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የመጨረሻ ጥያቄ፦ 15 ኪሎ የሚመዝን ልጅ በመጀመሪያው ሰዓት 10 በኪሎ ቢታዘዝለት በተለመደው መስመር ስንት ጠብታ ነው? መቼስ እንሸኘው?

---

ድንገተኛ ክፍል

150 ሚሊ ሊትር፣ በደቂቃ 50 ጠብታ። ሙሉ ሊትር አትስቀሉለት፣ መስመሩ ቢለቅ ሳይታወቅ ይገባበታልና 500ውን ስቀሉ፤ ቡሬት (ፈሳሹን በጥቂቱ እየለካ የሚያሳልፍ ዕቃ) ካለ በእሱ። የልጆች ቀጫጭን የደም ሥሮች በጤናቸውም ጊዜ ከአዋቂ ይልቅ ውኃ ያሳልፋሉ፣ ስለዚህ በመጀመሪያው ሰዓት በየ15 ደቂቃው እዩት፣ ከዚያ በየሰዓቱ።

ለመሸኘት፦ ያለ ፓራሲታሞል 48 ሰዓት ትኩሳት ካልያዘው፣ ሄማቶክሪቱ ያለ ፈሳሽ ከረጋ፣ ከበላ፣ ከሸና፣ ፕሌትሌቱ ወደ ላይ ከጀመረ።

ትኩሳት ላይ ያሉትን ደግሞ ቀንም አጎበር ውስጥ አስተኟቸው። ይህች ትንኝ የምትናከሰው በቀን ነው፣ በክፍሉ በርሜል ውስጥም ትፈለፈላለች። በርሜሉን ክደኑት፣ በሳምንት አንድ ጊዜ ደፍታችሁ ግድግዳውን በብሩሽ ፈግፍጉት፤ ዕንቁላሏ ከውኃው በላይ ጎኑ ላይ ተጣብቆ ደርቆ ወራት ይቆያል።